ቆሻሻውም ቦታና ሰዓት ይሰጠው

በአዲስ አበባ የደረቅ ቆሻሻ አሰባሰብን፣ የመኪና ማቆሚያን፣ የእግረኛ መንገድንና ደንብ ማስከበርን ለምትመሩ የሥራ ኃላፊዎች በሙሉ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ ለአንድ ቢሮ አሽጌ ከመላክ ይልቅ በግልጽ ማቅረብ የመረጥኩት ጉዳዩ የአንድ ቢሮ ስላልሆነ ነው። ቆሻሻ የሚነሳበትን ቀን የሚወስነው አንድ ክፍል ነው። የመንገዱን ዳር ለመኪና ማቆሚያ የሚሰጠው ሌላ፣ የእግረኛ መንገዱን የሚያነጥፈው ሌላ፣ ቆሻሻ የጣለውን የሚቀጣው ደግሞ ሌላ። እኛ ነዋሪዎች ግን አራታችሁንም የምናገኛችሁ እዚያው አንድ ቦታ ላይ፣ ከደጃችን ፊት ባለችው ጠባብ የመንገድ ዳር ነው።

ከተማችን ለመንገድ ዳር ብዙ አስባለች። ለመኪና ማቆሚያ መድባለች፤ ለአበባና ለሣር፣ ለብስክሌት መስመር፣ ለአግዳሚ ወንበር መድባለች። በየቀኑ ከየቤቱ ለሚወጣው ቆሻሻ ግን በብዙ የውስጥ ሰፈሮች የታወቀ ቦታም የታወቀ ሰዓትም አልተሰጠውም። እኔን ወደዚህ ደብዳቤ የገፋኝ ይኸው ነው።

የምኖርበት ሰፈር ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ያለ፣ ኮብልስቶን የተነጠፈበት መንደር ነው። ቀድሞ የቆሻሻ ገንዳው የሚቀመጠው አስፋልቱ ዳር ነበር። መንገዱ ሲታደስ ገንዳው ተነሳ። መነሳቱን የተቃወመ ጎረቤት አላውቅም፤ ሞልቶ ሲፈስ፣ ውሻ ሲጎትተው፣ ዝናብ ሲያጥበው ዓመታት ያየን ሰዎች ነን። ግን በምትኩ ምን እንደሚሆን የነገረን የለም። ከየቤቱ ቆሻሻ በጋሪ የሚሰበስበው ማኅበር ሴቶችና ወጣቶች ማስረከቢያ ሲያጡ፣ ቆሻሻ የሞላበትን ማዳበሪያ ሁለቱ የውስጥ መንገዶች የሚገናኙበት ጥግ ላይ መደርደር ጀመሩ። ማንም ያንን ጥግ አልመረጠውም። ጋሪ የሚዞርበት ሌላ ሜዳ ስላልነበረ ብቻ የቆሻሻ ማቆያ ሆነ።

በዚያው ሰሞን አስፋልቱ ዳር መኪና ማቆም ስለተከለከለ፣ ለጉዳይ የመጣው ሁሉ መኪናውን ወደ እኛ መንገድ ያስገባ ጀመር። ተደራጅተው ማቆሚያውን የሚሠሩት ወጣቶች በአንደኛው ወገን መኪናዎቹን አሰልፈው በሰዓት ያስከፍላሉ። በሌላኛው ወገን ቤት የሚሠራ ሰው አሸዋና ጠጠር ዘርግፏል። መሐል ላይ የቀረችው ቦታ ለሚኒባስ እንጂ ለቆሻሻ መኪና አትበቃም። መኪናው ይመጣል፣ ጡሩምባ ይነፋል፣ የማቆሚያው ልጅ ባለመኪናውን ሊፈልግ ይሮጣል። ባለመኪናው ባንክ ውስጥ ወረፋ ላይ ይሆናል፤ ወይም ሕክምና ቤት። ሾፌሩ ሌላ ሰፈርም ይጠብቀዋልና ትንሽ ቆይቶ ወደ ኋላ ይመለሳል። ማዳበሪያው እዚያው ይውላል፣ ያድራል፤ በማግስቱ ሌላ ይጨመርበታል።

እዚህ ላይ ጥፋተኛ ፈልጌ አላገኘሁም። ሾፌሩ መጥቷል፣ የማቆሚያው ወጣቶች የተፈቀደላቸውን ቦታ ነው የሚሠሩበት፣ የማኅበሩ ሴቶች ከጠዋት ጀምሮ ሽቅብ ሲገፉ ነው የዋሉት። እያንዳንዱ የታዘዘውን ፈጽሟል። የታዘዙት ግን እርስ በርሳቸው ከማይነጋገሩ ቢሮዎች ነው፤ መስተካከል የሚችለውም ከእናንተ ዘንድ ነው።

ጥጉ ላይ የሚሆነውን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ ቢሮ ውስጥ በሪፖርት ሲደርስ «ክምችት» ተብሎ በአንድ ቃል ስለሚታለፍ። ቦታው ልጆች ወደ አጸደ ሕፃናት የሚያልፉበት ነው። የእግረኛው ጠርዝ በማዳበሪያ ስለተያዘ ልጅ የያዘች እናት ወደ መሐል መንገድ ትወርዳለች፤ እዚያ ደግሞ ባጃጅና ሞተር አለ። በዱላ እየዳበሰ በዚያ መንገድ ለዓመታት የተመላለሰ ዓይነ ስውር ጎረቤታችን አሁን ሰው ካልያዘው አይወጣም። ዱላው ማዳበሪያውን ሲነካ መዞር ይኖርበታል፤ ሲዞር የሚያገኘው የቆመ መኪና ነው። ጥጉ አጠገብ ጎመንና ቲማቲም ዘርግተው የሚሸጡ እናት ነበሩ፤ ዝንቡና ሽታው ሲበረታ ደንበኛ ራቃቸው፣ እሳቸውም ጉልታቸውን ይዘው ሌላ ቦታ ሄዱ። ለመብራት ምሰሶ፣ ለቴሌ ሳጥን፣ ለማስታወቂያ ሰሌዳ ቦታ በተገኘበት ከተማ ለአንዲት የጉልት ሴት መቀመጫ ሲጠፋ ማየት ያሳዝናል።

ክረምት ሲገባ ነገሩ ይብሳል። ከቤታችን ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነው፤ የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የተረፈ ምግብ፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ከጫት ቤቶች የሚወጣ ገረባ። ይህ በዝናብ ሲርስ ማዳበሪያው ይቀደዳል፣ ውኃው ፌስታሉንና የፕላስቲክ ጠርሙሱን እየገፋ ወደ ጎርፍ ማስወረጃው ቱቦ ይከተዋል። ቱቦው ሲደፈን ጎርፉ ወደ ግቢ ይገባል። ከዚያ በኋላ ቱቦ የሚጠርግ ሌላ ክፍል በሌላ በጀት ይመጣል። በጊዜው ቢነሳ ኖሮ አንድ ጭነት ብቻ የሚሆነው ነገር፣ ሁለት ቢሮ አስወጥቶ ሦስት ቤት ያበላሻል።

በዓል ሲመጣ ደግሞ ሌላ ነገር ይታከላል። ድሮ በፋሲካና በእንቁጣጣሽ ማግስት ቆዳ ገዢው በየደጁ እየጮኸ ያልፍ ነበር፤ የበጉ ቆዳ ለልጅ የኪስ ገንዘብ ይሆን ነበር። የቆዳ ዋጋ ከወደቀ ወዲህ የሚገዛ ሰው እየጠፋ መጥቶ ቆዳው ከነፈርሱ መንገድ ዳር ይጣላል። ከተማው በሙሉ በአንድ ቀን እንደሚያርድ ከዓመት በፊት የታወቀ ነው። ቀኑ በቀን መቁጠሪያ ላይ ተጽፏል። በበዓል ማግስት የሚሰማራ ተጨማሪ መኪና ግን በእኛ ሰፈር አይተን አናውቅም።

ቆሻሻው ሲቆይ ሰው ማቃጠል ይጀምራል። አዲስ አበባ የኅዳር 12ን ጭስ ታውቀዋለች። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ ከተማዋን ከመታ ወዲህ፣ በኅዳር ሚካኤል ዕለት ሰፈርን ጠርጎ ቆሻሻን ሰብስቦ ማቃጠል ልማድ ሆኖ ቆይቷል፤ «ኅዳር ሲታጠን» እንላለን። ያን ጊዜ የሚቃጠለው ገለባ፣ ቅጠልና ጨርቅ ነበር። ዛሬ የሚቃጠለው ፕላስቲክ፣ ዳይፐር፣ የባትሪ ድንጋይና የጫማ ሶል ነው። የእኛ ጥግ ላይ ይህ የሚሆነው ዓመቱን ጠብቆ አይደለም። ክምሩ ሲያስመርር ሌሊት አንዱ ክብሪት ይጭርበታል፤ አስም ያለባቸው ሽማግሌዎች መስኮት ዘግተው ያድራሉ። የሚያቃጥለውን ሰው አልደግፈውም፣ ተናግሬውም አውቃለሁ። ግን ለአራተኛ ቀን ያልተነሳ ቆሻሻ በር ላይ ያለበትን ሰው «ታገሥ» ለማለት፣ መቼ እንደሚነሳ ልነግረው መቻል አለብኝ። እኔም አላውቀውም።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ በቴሌቪዥን ስለ ጽዳት በተነሳ ቁጥር የምንሰማው ምክንያት የኅብረተሰቡ ግንዛቤ ማነስ ነው። ይህን አልቀበልም። ባለፈው ክረምት መኪናው ለጥቂት ሳምንታት ቀኑን ሳያዛንፍ ማለዳ ይመጣ ነበር። በነዚያ ሳምንታት ጥጉ ላይ አንድም ማዳበሪያ አላደረም። ሰዎቹ እኛው ነበርን፣ ግንዛቤያችንም ያው ነበር። የተለየው ነገር መኪናው የሚመጣበትን ሰዓት ማወቃችን ብቻ ነው። ማዳበሪያችንን ከሌሊት ጀምሮ ደጅ ማስቀመጥ ቀርቶ፣ ድምፁን ስንሰማ ይዘን እንወጣ ነበር። ከዚያ ሰዓቱ ተለወጠ። ለምን እንደተለወጠም፣ ወደ መቼ እንደተለወጠም አልተነገረንም።

ስለ ግንዛቤ ከተነሳ፣ የቆሻሻ መለየትን ጉዳይ ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 አባወራና እማወራ እንደገና ጥቅም ላይ የሚውለውን ለይቶ እንዲያስቀምጥ ግዴታ የጣለው ገና በ1999 ዓ.ም. ነው። ብዙ ቤት ይህን ያለ አዋጅም ያደርገው ነበር፤ ጠርሙሱን፣ ቆርቆሮውን፣ አሮጌ ጫማውን ለቆራሌው የሚያስቀምጥ ሕዝብ ነን፤ ቆራሌዎቹም ወደ ምናለሽ ተራ ወስደውት እዚያ ሌላ ዕቃ ሲሆን ኖሯል። አሁንም የሚበሰብሰውን ከደረቁ ለይተው የሚያወጡ ጎረቤቶች አሉኝ። ሁለቱም ግን አንድ ጋሪ ላይ ይወጣሉ፣ አንድ ጥግ ላይ ይደባለቃሉ፣ አብረው ይረጥባሉ። የማኅበሩን ልጆች ብጠይቃቸው ለይተው የሚያስቀምጡበት ቦታ እንደሌላቸው ነገሩኝ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ስስ ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ጸድቋል። ውሳኔውን በደስታ ነው የተቀበልኩት። ነገር ግን ፌስታሉ የብዙ ቤት የቆሻሻ መያዣ ነበር። እሱ ሲቀር እናት ልጣጩን በምን እንደምታወጣው፣ ባልዲው ወይም በርሜሉ መንገድ ዳር የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያቀርበውና ማን እንደሚያጥበው አብሮ መታሰብ አለበት።

እንዲህ ተደባልቆና ረጥቦ የሄደው ቆሻሻ የት እንደሚደርስ ሁላችንም እናውቃለን። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ቆሼ የሚባለው የከተማዋ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ልጆች ነበሩ። አገሪቱ ብሔራዊ ሐዘን አውጃለች። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ቆሼ ባለበት ረጲ ላይ የተመረቀው የኃይል ማመንጫ በቀን እስከ 1,400 ቶን ቆሻሻ እንዲያቃጥል ታስቦ የተሠራ ነው፤ ውኃ ያዘለ የምግብ ትራፊ ግን ለእሳት አይመችም። እዚያ የሚደርሰው ጭነት ደረቅ ወይም እርጥብ፣ የተለየ ወይም የተደባለቀ የሚሆነው እዚህ፣ ጥጋችን ላይ ነው።

የሰንዳፋውንም የቆሻሻ ማስወገጃ ታስታውሱታላችሁ። በብዙ ወጪ የተሠራው ማስወገጃ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ፣ የአካባቢው ገበሬዎች በመቃወማቸው በወራት ውስጥ ተዘጋ፤ ቆሻሻውም ወደ ቆሼ ተመለሰ። አጠገቡ የሚኖሩትን ሳያሳምኑ የተመረጠ ቦታ እንደማይዘልቅ ከተማችን በዚያ ከፍላ ተምራለች። ያ ትምህርት በእያንዳንዱ መንደር ጥግ ላይም ሊሠራ ይገባል ብዬ አምናለሁ። ቆሻሻው የትም ይቀመጥ የትም፣ አንድ ሰው በር አጠገብ ነው የሚሆነው። ያ ሰው አስቀድሞ ቢጠየቅ፣ «እዚህ ከሆነ እስከዚህ ሰዓት ብቻ» ሊል ይችላል፤ ሳይጠየቅ ሲፈረድበት ግን ሌሊት ገፍቶ ወደ ጎረቤቱ በር ይወስደዋል። በሰፈራችን በዚህ ሰበብ የተኳረፉ፣ ለቅሶ የማይደራረሱ ቤቶች አሉ።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። ገንዳው ወደ አስፋልቱ ዳር ይመለስ አልልም። የማቆሚያው ወጣቶች እንጀራቸው ይቋረጥም አልልም። በየመንደሩ ሁለት መኪና የሚያቆም ያህል ቦታ ተለክቶ፣ በቀለም ተሰምሮ፣ ቆሻሻ በሚነሳበት ሰዓት ማንም መኪና እንዳያቆምበት ይደረግ። ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ቦታው ታጥቦ ለማቆሚያ ሊመለስ ይችላል። ይህ እንዲሆን ማቆሚያውን የሚሰጠው ክፍልና ቆሻሻውን የሚያነሳው ክፍል አንድ ካርታ ላይ መሥራት አለባቸው። የማቆሚያ ወጣቶቹም ቦታውን ነፃ ለሚያደርጉበት ሰዓት ከሚከፍሉት ላይ ይቀነስላቸው፤ እንዲያውም መኪናው መጥቶ መሄዱን የሚመዘግቡ እነሱ ቢሆኑ ከማንም በላይ ያዋጣል፤ ቀኑን ሙሉ መንገዱ ላይ ናቸውና።

ቦታው ሲመረጥ የመንደሩ ሰው ይጠራ፤ ዕድሩ አለ፣ እሱን መጥራት ከባድ አይደለም። ከትምህርት ቤት፣ ከጤና ጣቢያና ከአምልኮ ቦታ በር ይራቅ፤ ከቱቦ አፍ በላይ አይሁን። መኪናውም ለመንገዳችን የሚመጥን ይሁን። ኮምፓክተር የሚባለው ትልቁ የቆሻሻ መኪና ለአስፋልት ይመቻል፣ ለኮብልስቶን ግን ትንሽ መኪና ያስፈልጋል። የመንገድ ጥበት ሌላ ሰፈር ላይ ችግር ላይሆን ይችላል። በኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ዘመዶቼ መንገዳቸው ሰፊ ነው፤ የእነሱ ጭንቀት በብሎኮቹ መካከል ያለው ማቆያ ለምድር ቤት ነዋሪዎች መስኮት መቅረቡ ነው። ስለዚህ አንድ መመሪያ ለሁሉም ከማውጣት ይልቅ መንደር ለመንደር ይታይ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰዓቱ ይነገረን። የጽዳት ክፍያውን ከውኃ ሂሳብ ጋር ደምረን በየወሩ እንከፍላለን። ውኃ የሚመጣበትን ቀን በፈረቃ እንደምናውቀው ሁሉ፣ የምንከፍልበት ቆሻሻ የሚነሳበትንም ቀንና ሰዓት የማወቅ መብት አለን ብዬ እከራከራለሁ። በየጥጉ አንዲት ሰሌዳ ትተከል፤ ቀኑ፣ ሰዓቱና መኪናው ሲቀር የሚደወልበት ስልክ ይጻፍባት። መኪናው ሲበላሽ ወይም ነዳጅ ሲያጣ «ዛሬ አንመጣም» የሚል መልእክት በዕድሩ በኩል ይድረሰን። ማዳበሪያችንን ግቢያችን ውስጥ አንድ ቀን ማቆየት እንችላለን፤ የማንችለው ሳናውቅ መጠበቅን ነው። ቅጣቱም ከዚህ በኋላ ይምጣ። ቦታውና ሰዓቱ ተነግሮት አሻፈረኝ ያለ ሰው ቢቀጣ ከእናንተ ጋር እቆማለሁ። ምንም ያልተነገረውን ሰው መቅጣት ግን ደንቡንም ያስንቃል፣ ደንብ አስከባሪውንም ከሕዝብ ጋር ያጣላል።

ስለ ሰብሳቢዎቹ አንድ ነገር ሳልል አልዘጋም። በሰፈራችን የሚሠሩት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። እንደነገሩኝ ክፍያቸው የሚታሰበው ባስረከቡት መጠን ነው። መኪናው ባልመጣ ቀን የገፉት ጋሪ ሁሉ ሳይቆጠር ይቀራል ማለት ነው፤ ዝናብ የወሰደውም ከእነሱ ይጎድላል። የተሰበረ ጠርሙስና የሕክምና መርፌ በባዶ እጅ የሚነካ ሰው ጓንት ሲለምን ማየት ለከተማዋ ክብር አይሆንም። ሥራቸውን ሲጨርሱ እጃቸውን የሚታጠቡበት ውኃ እንኳ ከየቤቱ ነው የሚለምኑት። መኪናው ሲቀር የቀን ዋጋቸው አብሮ እንዳይቀር፣ ጓንት፣ ቦት ጫማና መታጠቢያ ውኃ የሥራው አካል ተደርጎ በጀት እንዲያዝላቸው አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲሆን አልጠብቅም። ነገር ግን ከመጪው ክረምት በፊት፣ ቱቦዎቹ ዳግም ሳይደፈኑ፣ በጥቂት የውስጥ መንደሮች ቦታውን በቀለም አስምሮ ሰዓቱን በሰሌዳ ጽፎ መሞከር አስቸጋሪ አይመስለኝም። የአራቱ ክፍሎች ተወካዮች አንድ ማለዳ አብረው ወደ አንድ መንደር ቢመጡ፣ ጋሪው ከሚነሳበት መኪናው እስከሚዞርበት ድረስ አብረናችሁ እንሄዳለን። የሰፈራችን ዕድር ሰዎች ለመወያየት ፈቃደኛ መሆናቸውን አረጋግጠውልኛል፤ ቦታ መርጠን ሰዓት ተስማምተን ለማስፈጸም እኛም የድርሻችንን እንወስዳለን። ዕቅዳችሁን፣ የማይሆን ካለም የማይሆንበትን ምክንያት፣ በግልጽ እንድታሳውቁን በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ምላሻችሁንም በተስፋ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ